ልጆቿን በቤቷ የምታስተምር እናት ስለ ገንዘቧ አወጣጥ

ሰው ገንዘብን ሲያገኝ ድካሙ ይታያል፤ ገንዘብን ሲያወጣ ግን ልቡ ይታያል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ስለ ምጽዋት፥ ስለ ዐሥራትና ስለ በኵራት፥ ስለ አራጣም ክፋት በየዘመናቸው በሰፊው አስተምረዋል። እናት ለልጆቿ ትምህርት ስለምታወጣው ገንዘብ ግን በዐውደ ምሕረት እምብዛም ሲነገር አይሰማም። ምክንያቱም ለልጅ ትምህርት የወጣ ገንዘብ ሁሉ ያለ ምርመራ ከጽድቅ ሥራ የሚቈጠር መስሎ ስለሚታይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ለመልካም ነገር የሚወጣ ገንዘብ ልክ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? የሚያስፈልገውስ ከሆነ ልኩ ከምን ይገኛል? የሚል ነው።

ጥያቄውን ያነሣሣው በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ምእመናት አኗኗር ነው። በዚያ አገር ልጅን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤት ማስተማር፥ እነርሱ «ሆምስኩል» የሚሉት፥ በሃምሳውም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው። በመንግሥቱ የትምህርት ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ግምት መሠረት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. በቤታቸው የሚማሩ ልጆች 850 ሺህ ያህል ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ወደ 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ደርሰዋል። በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን በዘጋ ጊዜም፥ የሕዝብ ቈጠራው መሥሪያ ቤት እንደ ገለጠው፥ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሏቸው ቤተ ሰቦች መካከል በቤታቸው የሚያስተምሩት በጸደይ ከመቶ 5.4 የነበሩት በመከር ከመቶ 11.1 ሆነዋል። ቍጥራቸው ጥቂት ቢሆንም የእኛም ምእመናን በእነዚህ መካከል ይገኛሉ።

እነዚህ ቤተ ሰቦች በዓመት አንድ ጊዜ፥ ይልቁንም በጸደይና በበጋ ወራት፥ በየግዛታቸው ጉባኤ ያደርጋሉ። ጉባኤው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቈያል። በልዩ ልዩ ክፍሎች የትምህርት ዐዋቂዎችና በሥራው የቈዩ ወላጆች ንግግር ያደርጋሉ፤ በትልቁ አዳራሽ ደግሞ አሳታሚዎች መጻሕፍታቸውን፥ ካርታውን፥ የሂሳብ ማስተማሪያውን፥ የሳይንስ መሞከሪያውን ዕቃ ዘርግተው ይሸጣሉ። በቨርጂንያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ የሚደረገው ከእነዚህ አንዱ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ምእመናን ሪችመንድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃቸዋልና መንገድ አለው፥ ማደሪያም አለው፥ ለመግባትም ይከፈላል። አንዲት እናት ስለዚህ ነገር ስትጠይቅ እንዲህ አለች፦ «አባታችን፥ የቤት ኪራይ አለብን፤ አገር ቤት ለእናቴ በየወሩ የምልከው አለ፤ ለቤተ ክርስቲያን የተሳልሁትም አለ። ለዚህ ጉባኤ ገንዘብ ባወጣ ለእግዚአብሔር እንደ ሰጠሁት ልቍጠረው ወይስ ከቤቴ እንደ ሰረቅሁት?»

ይህ ጥያቄ ከብዙ የነገረ መለኮት ክርክር ይልቅ የሚከብድ ነው፤ ምክንያቱም ጠያቂዋ መልሱን ሰምታ በዚያው ሳምንት ልትሠራበት ነውና።

አስቀድሞ ግን አንድ መሰናክል ከመንገድ እናንሣ። አንዳንዶች «እግዚአብሔር ይሰጣል፤ ለመልካም ነገር ሂሳብ መቍጠር እምነት ማጣት ነው» ይላሉ። ጌታ ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ማስተማሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የከለከለው ጭንቀትን ነው፤ ስሌትን አልከለከለም። እርሱ ራሱ ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ሲናገር፥ መጀመሪያ ተቀምጦ ወጪውን የማይቈጥር መሠረቱን ጥሎ መፈጸም አቅቶት መዘባበቻ እንደሚሆን አሳይቷል። ተቀምጦ መቍጠሩን ልብ ይሏል። በገበያ መካከል ቆሞ የሚቈጥር ሰው የነጋዴው ድምፅ ሂሳቡን ያፈርስበታልና። ደግሞም የሐዋርያት ማኅበር የገንዘብ ከረጢት እንደ ነበረው ዮሐንስ በወንጌሉ ጽፏል። ከረጢቱን የያዘው ይሁዳ ስለ ሆነ ከረጢት መያዝ ክፉ ነው የሚል የለም፤ ክፋቱ ከሌብነቱ ነበር።

እንዲያውም እግዚአብሔር ለጉባኤ የሚሆን በጀትን ራሱ አዝዟል ብንል አልተሳሳትንም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ይመለከቷል። እስራኤላዊው በየዓመቱ ከእህሉ፥ ከወይኑና ከዘይቱ ዐሥራት ለይቶ እግዚአብሔር ወደ መረጠው ስፍራ ወጥቶ ከቤተ ሰቡ ጋር እንዲበላው ታዘዘ። መንገዱ የራቀበት ሰው ግን ዐሥራቱን ሽጦ ገንዘቡን በእጁ ቋጥሮ እንዲሄድ፥ በዚያም ነፍሱ የወደደችውን ገዝቶ ከቤቱ ሰዎች ጋር ደስ እንዲለው፥ በአገሩ ያለውንም ሌዋዊ እንዳይረሳ ተነገረው። ስለ ምን በእጅ ይቋጠራል ተባለ ቢሉ፥ በመንገድ እንዳይጠፋበት ነው። አንድም፥ የተቋጠረው ለተቋጠረለት ነገር ብቻ እንዲውል፥ ሌላው ገንዘብ ከቤት እንዲቀር ነው። አንድም፥ እጁ ከምትይዘው በላይ እንዳያወጣ ነው። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ገንዘቡ የሚለየው ጉዞው ሲደርስ አይደለም፤ ምርቱ በገባ ጊዜ ነው። በዛሬ ቋንቋ ብንናገረው፥ በሰኔ ለሚደረግ ጉባኤ ገንዘብ የሚለየው በጥር ነው ማለት ነው። ደግሞም እግዚአብሔር በመንገደኛው ደስታ አልቀናም፤ ነፍሱ የወደደችውን እንዲገዛ ፈቀደለት። ልክ ያለው ወጪ ደስታን ይገድላል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ምዕራፍ ደግሞ ያንብበው።

ልኩስ ከምን ይገኛል? ከጎረቤት አይገኝም፥ ከነጋዴም አይገኝም፤ ከቤቱ ዐቅም ይገኛል። ለዚህ ከእመቤታችን የሚበልጥ ምስክር የለንም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈ፥ የወለደች ሴት የመንጻቷ ቀን ሲፈጸም ጠቦት ታቀርባለች፤ ጠቦት ለመግዛት እጇ ካልደረሰ ግን ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩቶች ይበቋታል። ሉቃስ ወንጌላዊ ስለ እመቤታችን የጻፈው ይህን ሁለተኛውን፥ የድኾችን መሥዋዕት ነው። የዓለምን ጌታ የወለደች እናት ጠቦት አልተበደረችም። «ለልጄ ምን ይበዛበታል?» ብላ ከዐቅም በላይ ለማውጣት ከሴቶች ሁሉ ይልቅ ምክንያት የነበራት እርሷ ነበረች፤ ነገር ግን ሕጉ ለድኻ የፈቀደውን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ ገባች፥ ቀና ብላም ወጣች። ዋኖሱ ከጠቦቱ አነሰ ያለ የለም።

እንግዲህ ዐቅም ማለት በእጅ ያለው ገንዘብ ሁሉ ማለት እንዳይመስለን። በእጃችን ካለው ገንዘብ ውስጥ የሌላ ሰው የሆነ አለበት። የኪራዩ ገንዘብ የባለ ቤቱ ነው፤ የዕዳው ገንዘብ የአበዳሪው ነው፤ ለአረጋዊት እናት በየወሩ የሚላከውም፥ እርሷ በእርሱ የምትኖር ከሆነ፥ የእርሷ ነው። በዚህ ላይ ጌታ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የተናገረው በጣም የሚያስፈራ ነው። አባቱንና እናቱን ሊረዳበት የሚገባውን ገንዘብ ቍርባን ነው፥ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው ብለው እንዲነሡ የሚያስተምሩትን ጸሐፍት ገሠጻቸው። ልጆቼን በክርስትና ላሳድግበት ነው ብላ የእናቷን መጦሪያ የምታስቀር ሴት፥ ሳታውቀው በዚያው መንገድ ትሄዳለች። ልጆቿም የሚማሩት ከገዛችው መጽሐፍ ይልቅ አያታቸው በዚያ ወር ምን እንደ ተላከላት አይተው ነው። ልጆች ይህን አያዩም የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ልጅ አላሳደገም ማለት ነው። ስለ ተሳለችው ስእለት ግን የንስሓ አባቷን አማክራ ታድርግ፤ ስእለትን ለሌላ ነገር ማዋል በራስ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን አይደለምና።

ስለ ዕዳም መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4ን እናስብ። ከነቢያት ወገን የሆነ ሰው ሞቶ ሚስቱ በዕዳ ቀረች፤ አበዳሪውም ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ ሊያደርጋቸው መጣ። ኤልሳዕ በተአምር ዘይቱን ካበዛላት በኋላ ያዘዛት ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ዕዳዋን እንድትከፍል፥ ከዚያም በተረፈው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነው። ተአምር በተደረገበት ቤት እንኳ ዕዳ ይቀድማል። ዛሬ በአሜሪካ ከብዙዎቹ የብድር ካርዶች ላይ የሚታሰበው ወለድ በዓመት ከመቶ 20 በላይ ነው። በካርድ በ500 ዶላር የተገዛ መጽሐፍ ዕዳው ዓመት ሳይከፈል ቢቈይ ከ100 ዶላር በላይ ይጨምራል። ያ አበዳሪ የመጣው ልጆቹን ሊወስድ እንደ ነበረ አንርሳ፤ የእናት ዕዳ ዞሮ የሚያርፈው በልጆች ላይ ነው።

ከዐቅም በላይ ለልጅ ትምህርት ማውጣት በሰው ዘንድ የሚያስመሰግን መሆኑ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ በሁለተኛው ክፍል ስለ አባቱ ስለ ፓትሪክዮስ የጻፈው ለዚህ ነገር እጅግ ይጠቅማል። ፓትሪክዮስ በሰሜን አፍሪካ በታጋስት ከተማ የሚኖር፥ ሀብቱ ብዙ ያልሆነ ሰው ነበር። ልጁን ወደ ካርታጎ ልኮ የንግግር ጥበብን ሊያስተምረው ስለ ቈረጠ፥ ገንዘቡ እስኪጠራቀም አውግስጢኖስ በዐሥራ ስድስተኛው ዓመቱ ከትምህርት ቦዝኖ በቤት ተቀመጠ። ይህም በ370 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የከተማው ሰው ሁሉ አባቱን አመሰገነ፤ ከእርሱ የሚበልጡ ባለጸጎች ለልጆቻቸው ያላደረጉትን አድርጓልና። ልጁ ግን ካደገ በኋላ ወደ ኋላ ተመልክቶ፥ ያ አባት አንደበቱ እንዲሠለጥን ብዙ ሲደክም፥ በእግዚአብሔር ፊት ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን፥ ንጽሕናውም እንዴት እንዳለ እንዳልተጨነቀ በሐዘን ተናገረ። ከባልንጀሮቹ ጋር በሌሊት ፍሬ የሰረቀው፥ ከፍሬውም ይልቅ በስርቆቱ ደስ የተሰኘው፥ በዚያ ሥራ በፈታበት ዓመት ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ምንድር ነው? ፓትሪክዮስ ክፉ አባት አልነበረም፤ ገንዘቡንም በመጠጥ አላጠፋም። ነገር ግን ገንዘቡ እስኪሞላ ድረስ በቤት የነበረው ልጅ አልታየውም። ዓይኑ ካርታጎ ነበረ። በቤቷ የምታስተምር እናትም እንዲህ ያለ ፈተና አለባት። ጉባኤው በደረሰ ጊዜ ለሚመጣው ዓመት መጽሐፍ ስትመርጥ፥ ስትጽፍ፥ ዋጋ ስታነጻጽር፥ በፊቷ የተቀመጠው ልጅ የዛሬውን ንባብ ሳያነብ ይውላል። ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ልብም ይወጣል። በጀት የሚያስፈልገው ለሁለቱም ነው።

በአዳራሹ ውስጥ የሚሆነውን እናስብ። እናቲቱ በየመደቡ ስታልፍ በዚህኛው ላይ የእኩያዋ ልጅ ላቲን ሲማር ትሰማለች፤ በዚያኛው ላይ ልጆች በጨዋታ ሂሳብ የሚማሩበት ዕቃ ታያለች፤ የእርሷ ልጅ ግን ገና ማባዛት አልጨረሰም። ነጋዴውም ቅናሹ ለዛሬ ብቻ ነው ይላታል። ነጋዴው ሌባ አይደለም፤ መሸጥ ሥራው ነው፥ ብዙዎቹም በቅንነት የሚሠሩ ናቸው። ዘራፊው ሌላ ነው፤ «ልጄን እበድለው ይሆን?» የሚለው ፍርሀት ነው። ፍርሀት ደግሞ ከፍቅር ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ለመለየት ያስቸግራል። መለያው ግን አለ። ፍቅር ልጁን ይመለከታል፥ የጐደለውንም ዐውቆ ያን ይፈልጋል፤ ፍርሀት ግን የሌሎችን ልጆች ይመለከታል፥ የጐደለውን ስለማያውቅም ሁሉን ይገዛል።

ፍርሀትን ከሚያቀሉት ነገሮች አንዱ ሕጉ በእርግጥ የሚጠይቀውን ማወቅ ነው። በቨርጂንያ ግዛት ለምሳሌ፥ በቤቷ የምታስተምር እናት እስከ ኦገስት 15 ቀን፥ በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 9 ቀን በጾመ ፍልሰታ ማለት ነው፥ ለአካባቢው የትምህርት ሹም ታስታውቃለች፤ የምታስተምራቸውን የትምህርት ዓይነቶች ስም ዘርዝራ ታቀርባለች፤ በሚመጣው ዓመት እስከ ኦገስት 1 ቀን፥ ሐምሌ 25 ማለት ነው፥ ልጁ መሻሻሉን በፈተና ወይም በሌላ ምዘና ታሳያለች። ሕጉ የዚህን አሳታሚ መጽሐፍ ግዢ አይላትም፥ ወደ ጉባኤም ሂጂ አይላትም። የሌሎች ግዛቶች ሕግ የተለያየ ስለ ሆነ ሁሉም የግዛቱን ሕግ ይመልከት። ግዴታው ይህን ያህል መሆኑን ያወቀች እናት፥ የቀረው ሁሉ በፈቃዷ የምታደርገው መሆኑን ስለምታውቅ ልቧ ያርፋል።

አሁን ለምሳሌ ያህል ብቻ ቍጥር እናንሣ። አንድ ቤተ ሰብ ከጥር እስከ ሰኔ በየወሩ 100 ዶላር ቢለይ 600 ዶላር ይሆናል። ከዚህ ለመግቢያ 100፥ ለአንድ ሌሊት ማደሪያ 150፥ ለቤንዚንና ለመኪና ማቆሚያ 60፥ ለምግብ 40፥ ለመጻሕፍት 200 ቢመደብ 50 ይተርፋል። አንባቢ እንደሚያየው፥ አንዲት መጽሐፍ ሳትገዛ እዚያ ለመገኘት ብቻ 350 ዶላር ይወጣል፤ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ብዙዎች በጀት የሚሉት የመጻሕፍቱን ዋጋ ብቻ ስለ ሆነ የሚሳሳቱት በዚህ ነው። ሁለት እናቶች በአንድ ክፍል ቢያድሩና በአንድ መኪና ቢሄዱ ለእያንዳንዳቸው ከ100 ዶላር በላይ ይቀራል። ምዝገባውም አስቀድሞ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል። ምግቡን በተመለከተ፥ ጾመ ሐዋርያት ከገባ በኋላ የሚደረግ ጉባኤ ከሆነ በዚያ የሚሸጠው አብዛኛው አይበላምና፥ ቆሎውንና ዳቦ ቆሎውን፥ በሶውንም ቋጥሮ መሄድ ለጾሙም ለገንዘቡም ይበጃል። እናቶቻችን ያለ ስንቅ መንገድ አይወጡም ነበር።

የተረፈው 50 ዶላርስ? እርሱ የሌዋዊው ነው። ኦሪት መንገደኛውን አትርሳ ያለችው ሌዋዊው ርስት ስለሌለው ነው። መጽሐፍ መግዛት ለማትችል ሌላ እናት የሚሆን ጥቂት ነገር ከበጀቱ መካከል አስቀድሞ ቢለይ፥ ከተረፈ ይሰጣል ከማለት ይሻላል፤ ከገበያ ተርፎ የሚመለስ ገንዘብ እምብዛም ታይቶ አይታወቅምና።

በአዳራሹም ውስጥ መልካሙ ልማድ፥ በመጀመሪያው ቀን ማየትና መጻፍ እንጂ አለመግዛት ነው። ሌሊት አድሮ፥ ከባል ጋር በስልክም ቢሆን ተማክሮ፥ በማግሥቱ ከጽሑፉ ላይ ያለውን መግዛት ይገባል። ሌሊት ብዙ ነገር ያሳያል። በቀን የግድ ያስፈልጋል ከተባለው ግማሹ ሲነጋ አያስፈልግም።

ስለ ብዛቱም መናን እናስብ። በምድረ በዳ እያንዳንዱ ለሚበላው ልክ በነፍስ ወከፍ አንድ ጎሞር ይሰበስብ ነበር፤ እስከ ነገ ያስቀረው ተላ፥ ሸተተ። መጽሐፍ አይተላም፤ ነገር ግን ለሦስት ዓመት ይሆናል ተብሎ ተገዝቶ ሳይገለጥ በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ መጽሐፍ እናቲቱን ባየችው ቍጥር ይወቅሳታል። ልጅ ያድጋል፥ ይለወጣል፤ ዛሬ ንባብ የሚጠላው ነገ ከመጽሐፍ አይለይም። የሚመጣው ዓመት ጐደሎ በሚመጣው ዓመት ይታወቃል።

የሚገዛውም ነገር በሃይማኖት ዓይን መመርመር አለበት። በእነዚህ ጉባኤያት የሚሸጡት ክርስቲያናዊ የተባሉ መጻሕፍት አብዛኛዎቹ በፕሮቴስታንቶች የተዘጋጁ ናቸው። ክፋት አለባቸው ማለታችን አይደለም፤ ብዙዎቹ በትጋት የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን ስለ እመቤታችንና ስለ ቅዱሳን አማላጅነት፥ ስለ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን፥ ስለ ጾም፥ ስለ መጻሕፍት ቍጥርም የእኛ ትምህርት በእነርሱ ዘንድ አይገኝም፤ ሰማንያ አሐዱን መጻሕፍት የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን ልጅ ስድሳ ስድስቱን ብቻ ቈጥሮ ያድጋል። ስለዚህ የሃይማኖቱን ትምህርት እናት ከቤተ ክርስቲያኗ፥ ከመምህራኗ ትውሰድ። ሂሳብና የፊደል አጻጻፍ ግን ወገን የላቸውም፤ ሰባት ጊዜ ስምንት በሁሉም ዘንድ 56 ነው። በዚህ ክፍል ርካሹን መግዛት፥ ሌላ ቤተ ሰብ የተገለገለበትንም መውሰድ ነውር የለበትም።

እኛ በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች በዚህ ላይ የምንለው አለን። ፊደልን፥ አቡጊዳን፥ መልእክተ ዮሐንስን፥ ከዚያም ዳዊትን ስንማር በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ ስንት ሆነን እንደ ተቀመጥን ዕድሜ ያለው አንባቢ ያውቀዋል። ቅኔ ቤትም ተማሪ መጽሐፍ ገዝቶ የሚገባበት አልነበረም፤ መምህሩ ከቃሉ ያወርዳል፥ ተማሪው በቃሉ ይይዛል፥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቈጥራል፥ ለመምህሩ ይነግራል። የመጽሐፍ ማነስ የትምህርት ማነስ አይደለም ማለት ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጓደኞቻችን እንደሚያደርጉት ያን ችግር ማወደስ አንወድም። በቁራሽ እጦት፥ በቍንጫና በበሽታ ስንቱ ባለ ብሩህ አእምሮ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ሄዷል። ረኀብ መምህር ሆኖ አያውቅም። ለልጅ የሚያስፈልገውን መስጠት ሲቻል መንፈግ ቍጠባ አይባልም።

ከዚህ የተነሣ ለሌላዋ ዓይነት እናት ደግሞ እንናገራለን። ለልጆቿ ሁሉን የምትገዛ፥ «ለእኔ ምን ያስፈልገኛል?» ብላ ግን ከጉባኤው የምትቀር አለች። ልጆቿን ብቻዋን ከጧት እስከ ማታ ታስተምራለች፥ ደክሟታል፥ የሚያጽናናት የለም፤ ይህን መሰል ሥራ ከምትሠራ ሌላ ሴት ጋር ተቀምጣ ለመነጋገር የምታወጣውን ገንዘብ ግን እንደ ቅምጥልነት ትቈጥረዋለች። ካህናት ሆይ፥ ይህችን እናት አታመስግኗት፤ ሂጂ በሏት። ከእኛ መካከል የድጓ መምህር ለመሆን ቤተ ልሔም ወርዶ ያላስመሰከረ፥ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አባ ያልሄደ ማን ይከበራል? ስንቃችንን ይዘን፥ ስንት ተራራ ተሻግረን፥ ትምህርታችንን ያቃናነው በመምህራን ፊት ተቀምጠን ነው። እናትም በቤቷ መምህር ከሆነች የመምህር ወግ ይገባታል። መሥዋዕት ይዛ በየዓመቱ ወደ ሴሎ የምትወጣው ሐና ለሳሙኤል ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ታመጣለት እንደ ነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 2 ተጽፏል። ልጁ በየዓመቱ ያድጋልና ያምናው ልክ ለዘንድሮ አይሆንም፤ ልብሱ የሚሰፋው በልጁ ቁመት ነበር፥ በሌላ እናት ልጅ ቁመት አልነበረም። ደግሞም ሐና መደረቢያውን ልካ አልቀረችም፤ ራሷ ወጣች።

ባሎችንም በጥቂቱ እንናገራቸዋለን። ሚስት ስታስተምር ደመወዝ ስለማትቀበል የቤት ትምህርት በነጻ የሚገኝ ይመስላቸዋል። የእርሷ ደመወዝ ቢቈጠር ኖሮ የጉባኤው ወጪ ትንሽ ሆኖ በታያቸው ነበር። እነዚያን ሁለት ቀናት ልጆችን መጠበቅ፥ ሥራም ቢያስፈታ፥ የእነርሱ ድርሻ ነው፤ በበጀቱ ውስጥም ይግባ። ሚስትም በበኩሏ ያወጣችውን ከባሏ አትሰውር፤ ከጉባኤ መልስ በመኪና ውስጥ የተደበቀ መጽሐፍ ካለ፥ ምንም ያህል መልካም መጽሐፍ ቢሆን፥ የገባው በክፉ በር ነው።

በዚህ ጉዳይ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የምትረዳበት ቀላል መንገድ አለ። አምስት ወይም ስድስት እናቶች ባሉበት አጥቢያ ሁሉም በየዓመቱ መሄድ የለባቸውም። ሁለቱ ዘንድሮ ሄደው የሰሙትን ጽፈው ቢመጡና ለሌሎቹ ቢያስረዱ፥ የሚቀጥለው ዓመት ተራ ለሌሎቹ ይሆናል፤ የመንገዱንም ወጪ ሁሉም ያዋጣሉ። ልጆች የጨረሷቸውን መጻሕፍት ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍል በአንድ ሣጥን ሰብስቦ ለሌላ ልጅ ማዋስ ይቻላል። ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 9 ባለው ጊዜ ውስጥ፥ ያለፈው ዓመት ሂሳብ ተዘግቶ ያዲሱ በሚከፈትበት ወቅት፥ ሣጥኑ ተከፍቶ ምን እንዳለና ምን እንደ ጐደለ ቢታይ፥ በጥር ምን ያህል መለየት እንደሚገባ ከዚያ ይታወቃል። ለዚህ ብዙ ሰው አያስፈልግም፤ ማን ምን እንደ ወሰደ በመዝገብ የሚጽፍ አንድ ትጉህ ዲያቆን ይበቃል።